93 ያገኘ ጨዋታ ለምን ይነቀፋል? ዳግም ስለተሠራው ሬዚደንት ኢቭል 4 ለደሴው ጠያቂ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ደሴ ፒያሳ አካባቢ ሁለት ፕሌይስቴሽን 4 ይዤ ጌም ቤት እሠራለሁ። ታላቅ ወንድሜ ሬዚደንት ኢቭል 4ን ድሮ በፕሌይስቴሽን 2 ደጋግሞ ጨርሶታል። በ2023 እንደገና የተሠራውን ግን ጓደኛው ቤት ትንሽ ሞክሮ ‹ነፍሱን አውጥተው መልኩን አሳምረውታል› ብሎ ተመለሰ። ኢንተርኔት ላይ ሳይ ገምጋሚዎች 93 ሰጥተውታል፤ ተጫዋቾች ደግሞ ሲሳደቡ አያለሁ። 93 ያገኘ ነገር ለምን ይነቀፋል? ገምጋሚዎቹ ተከፍሏቸው ነው ወይስ ወንድሜ ነው የተሳሳተው? ለጌም ቤቴ ብገዛው ያዋጣኛል?»

ምላሽ፦ በጥያቄዎ ውስጥ ሦስት ጉዳዮች አንድ ላይ ተቋጥረዋል። አንደኛው ገምጋሚዎች የሰጡት ነጥብ ምን ይለካል የሚል ነው፤ ሁለተኛው የድሮውን የሚያውቅ ሰው በአዲሱ ለምን ቅር ይለዋል የሚል ነው፤ ሦስተኛው ጨዋታው ለጌም ቤት ይሆናል ወይ የሚል ነው። ሦስቱን ለያይተው ካላዩዋቸው አንዱ መልስ ሌላውን ያበላሽብዎታል፤ ምክንያቱም ነጥቡም ልክ ሆኖ፣ ወንድምዎም ልክ ሆነው፣ እርስዎ ግን ገዝተው ሊከስሩ ይችላሉ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለማያውቀው ሰው፣ ሬዚደንት ኢቭል 4 ሊዮን የተባለ ሰው አሽሊ የተባለች የተጠለፈች ልጅ ለማዳን የሚዋጋበት አስፈሪ የተኩስ ጨዋታ ነው። ከቁጥሩ እንጀምር። 93 የሚለው ነጥብ ሜታክሪቲክ የተባለው ድረ ገጽ ለፕሌይስቴሽን 5 ቅጂ ያወጣው አማካይ ነው። ድረ ገጹ ራሱ ጨዋታ አይገመግምም። የሙያ ገምጋሚዎች በየመጽሔቱና በየድረ ገጹ የሰጡትን ነጥብ ሰብስቦ፣ ከመቶ ወደሚሰላ መለኪያ ቀይሮ፣ ለአንዳንዱ ተቋም ከሌላው የበለጠ ክብደት ሰጥቶ አማካዩን ያወጣል። ስለዚህ 93 ማለት ከመቶ ሰው ዘጠና ሦስቱ ወደደው ማለት አይደለም፤ ከጨዋታው ውስጥ ሰባት በመቶው ብልሽት ነው ማለትም አይደለም። የተራ ተጫዋቾች ነጥብ ለብቻው ከ10 የሚሰላ ሌላ ቁጥር ነው፤ ብዙ ሰው ሁለቱን እያቀላቀለ «እዚህ ላይ ይህን ሰጥተው እዚያ ላይ ያንን ሰጡ» ይላል። የሰጡት ሰዎች የተለያዩ ናቸው፤ የሰጡበት ጊዜም የተለያየ ነው።

ጊዜው በተለይ ቁም ነገር አለው። ጨዋታው ለገበያ የቀረበው ማርች 24 ቀን 2023 ሲሆን የገምጋሚዎቹ ጽሑፎች የወጡት ከዚያ አንድ ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ፣ ሠሪው ኩባንያ ካፕኮም አስቀድሞ በላከላቸው ቅጂ ላይ ተመሥርተው ነው። ሜታክሪቲክ ደግሞ ከአንድ ተቋም የሚቀበለው መጀመሪያ የተሰጠውን ነጥብ ነው፤ ገምጋሚው በኋላ ሐሳቡን ቢቀይር አማካዩ አይነካም። ሽያጩ በተጀመረ በ14ኛው ቀን፣ ኤፕሪል 7፣ ካፕኮም «መርሴነሪስ» የተባለውን ተጨማሪ የውጊያ ክፍል በነጻ ሲለቅ በዚያው ዕለት የጦር መሣሪያ ማሻሻያ ትኬቶችን በእውነተኛ ገንዘብ መሸጥ ጀመረ። ትኬቱ በጨዋታው ውስጥ ለፍቶ የሚገኝ ነገር ነው፤ አሁን ግን ገንዘብ ያለው ሳይለፋ በአቋራጭ ያገኘዋል። ያን ሰሞን የተሰማው የተጫዋቾች ቁጣ ትልቁ ክፍል ከዚህ የመጣ ነበር። እኔ ቁጣው ተገቢ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ሙሉ ዋጋ ከፍሎ ለገዛ ሰው ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌላ መሸጫ መክፈት፣ ያውም ግምገማው ሁሉ ካለቀ በኋላ፣ ገዢን አለማክበር ነው። ነገር ግን ይህ 93ቱን ሐሰት አያደርገውም። ገምጋሚዎቹ ያልነበረን ነገር ሊነቅፉ አይችሉም ነበር።

«ተከፍሏቸው ነው ወይ?» ለሚለው አጭሩ መልስ አይደለም የሚል ነው። በደርዘን የሚቆጠሩ ተቋማት በአንድ ላይ ተገዙ ለማለት ማስረጃ ያስፈልጋል፤ እንዲህ ያለ ማስረጃ የለም። ሊያሳስበን የሚገባው አድልዎ ሌላ ነው፤ ይልቅ ስለሱ ቢነገር ይሻላል። እንዲህ ያለ ጨዋታ ሲመጣ ተቋማት ለግምገማ የሚመድቡት ተከታታዩን የሚወድና የሚያውቅ ሰው ነው። ሰውየው ጨዋታውን የሚጨርሰው በጥቂት ቀናት ውስጥ ተጣድፎ ነው፤ የሚጫወተውም በአዲስ ኮንሶል ነው። እርስዎ ያለዎት ፕሌይስቴሽን 4 ነው፤ እዚያ ላይ ጨዋታው ይሠራል፤ ምስሉ ግን ፕሌይስቴሽን 5 ላይ ከሚታየው ይደበዝዛል፣ አንዱ ክፍል አልቆ ሌላው እስኪከፈት ያለው ጥበቃም ይረዝማል። ስለዚህ 93ቱን ሲያነቡ «ይህ ነጥብ የእኔን መሣሪያ አያውቅም» ብለው ያንብቡት።

ሁለተኛው ስሕተት «የታደሰ» የሚለው ቃል የሚፈጥረው ነው። በእኛ አነጋገር የድሮ ጨዋታ በአዲስ መልክ ሲወጣ ሁሉንም «የታደሰ» እንላለን፤ በሙያው ግን ሪማስተርና ሪሜክ የሚባሉ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች አሉ። ሪማስተር ያንኑ ጨዋታ ወስዶ ምስሉን ማጥራት ነው፤ ውስጡ ያው ነው። ሪሜክ ግን የድሮውን እንደ ንድፍ ይዞ ሁሉን ነገር ከመሠረቱ መሥራት ነው፤ ኮዱም፣ ሥዕሉም፣ ድምፁም፣ የሰዎቹ እንቅስቃሴም አዲስ ነው። የ2023ቱ ሬዚደንት ኢቭል 4 ሪሜክ ነው። ዳይሬክተሮቹ ያሱሂሮ አምፖና ካዙኖሪ ካዶይ ሲሆኑ የ2005ቱን የመራው ሺንጂ ሚካሚ ነበር። ስለዚህ ወንድምዎ «የድሮው አይደለም» ሲሉ እውነታቸውን ነው፤ ሊሆን ታስቦም አልተሠራም።

ማጥራት ብቻውን ቀላልና አስተማማኝ መንገድ ይመስላል፤ አይደለም። ለዚህ ሁላችንም የምናውቀውን ጂቲኤ ሳን አንድሪያስን ልጥቀስ፤ በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ኢንተርኔት ቤት ያደገ ልጅ ያልነካው አይመስለኝም። ኖቬምበር 11 ቀን 2021 ከሁለት ወንድም ጨዋታዎቹ ጋር ተወልውሎ ወጣ። የሰዎቹ ፊት ተበላሽቶ፣ ዝናቡ ዓይን የሚወጋ ነጭ ክር ሆኖ፣ በየሱቁ በር ላይ ያለው ጽሑፍ በፊደል ስሕተት ተሞልቶ ስለነበር አሳታሚው ሮክስታር በስምንተኛው ቀን ይቅርታ ጠየቀ። ከሁሉ ይልቅ ትኩረት የሚያሻው ግን የጉሙ ጉዳይ ነው። በ2004ቱ ጨዋታ ሩቅ ያለው ቦታ በጉም ይሸፈን የነበረው ማሽኑ ከዚያ በላይ መሳል ስለማይችል ነው። አዲሶቹ ሠሪዎች ማሽኑ ይችላል ብለው ጉሙን ገፈፉት፤ ያን ጊዜ ያ ሰፊ የመሰለው አገር ትንሽ ሆኖ ተገኘ፤ ከተራራው ጫፍ ላይ ሆነው ሲያዩ ሦስቱ ከተሞች እርስ በርስ ተጠጋግተው ይታያሉ። ክረምት ከጦሳ ላይ ቆሞ ደሴን ያየ ሰው ይህን በደንብ ይረዳዋል። ጉም ሲወርድባት ከተማዋ ማለቂያ የሌላት ትመስላለች፤ ሲገለጥ ግን ዳር እስከ ዳር በአንድ እይታ ትጠቃለላለች። የድሮ ጨዋታ ጉድለት አንዳንዴ የውበቱ ምሰሶ ነው፤ ጉድለቱን ብቻ አይቶ የሚነቅል ሰው ቤቱን ያፈርሳል። የጂቲኤውን የድሮ የብርሃን አቀማመጥ የሚመልስ ማሻሻያ የወጣው ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በኖቬምበር 2024 ነው።

የሬዚደንት ኢቭል 4 ሠሪዎች ትልቁ ፈተና ይኸው ነበር፤ የድሮው ጨዋታ ምሰሶ ደግሞ እንግዳ የሆነ ጉድለት ነው፤ ሊዮን ጠመንጃ ካነሳ መራመድ አይችልም። በ2005 ተጫዋቹ ካሜራውን ከትከሻው ጀርባ ይዞ፣ እግሩን ተክሎ፣ በቀይ የጨረር ነጥብ ያነጣጥር ነበር። ጠላቶቹም ለዚህ የተሰፉ ነበሩ፤ ከሩቅ እየሮጡ መጥተው ሲቀርቡ ርምጃቸውን ያዘገያሉ። መጋዝ የያዘው ሰውዬ እየመጣ ተጫዋቹ መምረጥ አለበት፤ ወይ ይተኩሳል ወይ ጀርባውን ሰጥቶ ይሮጣል፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማድረግ አይቻልም። ያ ጭንቀት ነው የጨዋታው ልብ። የዛሬ ተጫዋች ግን እየተራመዱ መተኮስን እንደ መብት ያየዋል፤ እግሩን የተከለ ሰው ቢሰጡት «ይህ ተበላሽቷል» ብሎ ጆይስቲኩን ያስቀምጣል።

አዲሶቹ ሠሪዎች መራመዱን ፈቀዱ፤ የወሰዱትን ጭንቀት ግን በሌላ መንገድ መለሱ። ጠላቶቹን አፈጠኗቸው፣ ከጎንና ከኋላ እንዲከቡ አደረጓቸው። ቆመው ሲያነጣጥሩ የማነጣጠሪያው ምልክት ይጠብባል፣ ሲራመዱ ይሰፋል፤ ስለዚህ መቆም አሁንም ዋጋ አለው፤ ልዩነቱ ግዴታ አለመሆኑ ነው። ከሁሉ በላይ ቢላዋውን ጋሻ አደረጉት። በትክክለኛው ቅጽበት ቁልፉን የተጫነ ሰው ሊመታው የመጣውን መጥረቢያ፣ ያንን አስፈሪ መጋዝ ሳይቀር፣ በቢላዋ ይመክታል፤ ብልጭታው ይረጫል፣ የመጋዙ ጩኸት ይቀጥላል፣ ቢላዋው ግን በእያንዳንዱ ምከታ እየተበላ ይሄዳል፤ ካለቀ በጨዋታው ውስጥ መሣሪያ ከሚሸጠው ነጋዴ ዘንድ ሄዶ ማስጠገን ነው። የገምጋሚዎቹ ሙገሳ ማዕከል ይህ ነበር፤ እኔም ከሁሉ የማደንቀው ይህንኑ ነው። አንዱን ምሰሶ ሲያነሱ በቦታው ሌላ አቆሙ፤ ጣሪያው አልወረደም።

የድሮውን ሰው አስበው መሥራታቸውን የምታሳይ አንዲት ትንሽ ነገር ልጨምር። በመጀመሪያው መንደር ከእንጨት የተሠራ ማማ አለ። የድሮው ተጫዋች ሲጨንቀው መሰላሉን ወጥቶ እዚያ ይሸሸግ ነበር፤ እሳት እየወረወሩ ቢያስቸግሩትም ከመሬቱ ይሻላል። በአዲሱም ማማው በቦታው አለ፤ መሰላሉም አለ። ወጥተው ገና እፎይ ሳይሉ ወለሉ ተሰብሮ ከነጠመንጃዎ ታች ይወርዳሉ። ይህ የድሮውን ለሚያውቅ ሰው ብቻ የተጻፈ ደብዳቤ ነው፤ አዲሱ ተጫዋች የበሰበሰ እንጨት ነው ብሎ ያልፈዋል። ወንድምዎ እዚያ ድረስ ደርሰው ከሆነ ይጠይቋቸው።

በኮምቦልቻ በምሠራበት የጥገና ክፍል ሁለት ሰዎች ይህንን ጨዋታ በየተራ ሲሞክሩ አይቻለሁ። አንደኛው የድሮውን የጨረሰ ነው፤ ሌላው ከዚህ በፊት ተከታታዩን አይቶት አያውቅም። የድሮው ሰው ጠመንጃ ባነሳ ቁጥር፣ ማንም ቁም ሳይለው፣ ግራ አውራ ጣቱን ከማንቀሳቀሻው ላይ ያነሳ ነበር፤ ሊዮን ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ መንደርተኞቹም ከኋላ ይዘው ይጥሉታል። ሦስት ጊዜ ሞቶ «ይህ ጨዋታ አያስተኩስም» አለ። አዲሱ ሰው ግን ወደኋላ እየተራመደ እየተኮሰ የመንደሩን ውጊያ የሚያበቃው ደወል እስኪደወል ቆየ። የመጀመሪያው ሰው የተሸነፈው በጨዋታው አልነበረም፤ በገዛ ጣቱ ትዝታ ነው። ወንድምዎ «ትንሽ ሞክረው» መመለሳቸውን ሳነብ የታወሰኝ ይህ ነው። ይህንን ጨዋታ አንድ ሰዓት ነክቶ መፍረድ፣ በተለይ የድሮውን ለለመደ እጅ፣ ፍርድን ያዛባል።

ይህን ስል ግን የወንድምዎን ቅሬታ ወደ ልማድ ብቻ እንዳላሳንሰው። በቃላቸው ውስጥ እውነት አለ። የ2005ቱ ሬዚደንት ኢቭል 4 አስፈሪ ብቻ አልነበረም፤ ቧልት ነበረበት። ሊዮን ሞት እያሳደደው ቀልድ ይወረውራል፤ ሳላዛር የተባለው ትንሹ ባለ ግንብ በሬዲዮ እየጠራ ይሰድበዋል፣ ሊዮንም ይመልስለታል፤ በሳላዛር አምሳል የተሠራ ግዙፍ ሐውልት ሕያው ሆኖ ያሳድዳል። አዲሱ ድባቡን አጠቆረው፤ ሐውልቱ የለም፤ የሬዲዮው ስድድብ ቀንሷል፤ የሊዮን ቀልዶች ቢኖሩም የሚነገሩት ከደከመው ሰው አፍ ነው። በምትኩ ሰዎቹ ሰው ሆነዋል፤ አሽሊ በፊት የምትጎተት ሸክም ነበረች፣ አሁን የምትፈራና የምትማር ሰው ናት፤ ሊዮንን የሚረዳው ሉዊስም ታሪኩ ሰፍቶለታል፤ በአሽሊ ገላ ላይ ይነገሩ የነበሩ የብልግና ቀልዶች ተወግደዋል፤ ደግ አደረጉ። ይሁን እንጂ ለዚያ ሳቅ ሲል ጨዋታውን የወደደ ሰው ሳቁን ሲያጣ «ነፍሱ ወጣ» ቢል ዋሸ አይባልም። እኛ ወሎዎች ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለብንም። ባቲና አምባሰል በቅኝት ስም የሚጠሩበት አገር ሰዎች ነን፤ ያው ቅኝት፣ ያው ግጥም በማሲንቆ ሲወርድና በኪቦርድ ሲወርድ አንድ እንዳልሆነ እናውቃለን፤ ሁለተኛው ዘፋኝ ድምፁ ይበልጥ ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ በመጀመሪያው ያለቀሰ ሰው ግን በሁለተኛው ላያለቅስ ይችላል። ገምጋሚው የሚመዝነው አዘፋፈኑን ነው፤ ወንድምዎ የሚመዝኑት ለቅሷቸውን ነው።

አንድ ነገር ግን ለወንድምዎ ያስታውሱልኝ። የ2005ቱ ራሱ በወጣበት ጊዜ «ነፍሱን አወጡት» ተብሎ ነበር። ከሱ በፊት የነበሩት የተከታታዩ ጨዋታዎች ካሜራቸው በየክፍሉ ግድግዳ ላይ የተተከለ፣ ጥይታቸው የተቆጠረ፣ ዝግ ያሉና ዞምቢ በሚባሉ የሚንቀሳቀሱ ሙታን የተሞሉ ነበሩ። አራተኛው ሙታኑንም ካሜራውንም ጥሎ ወደ ተኩስ ሲያደላ የቀደሙት ወዳጆች ከፊሎቹ አዝነው ነበር። ሠሪዎቹም መንገዱን ያገኙት ብዙ ሙከራ ከጣሉ በኋላ ነው፤ ከተጣሉት አንዱ አድጎ ዴቪል ሜይ ክራይ የተባለ ሌላ ጨዋታ ሆኖ በ2001 ወጣ። መጨረሻ ላይ የተገኘው ከትከሻ ጀርባ የማየት ዘዴ ከሱ በኋላ የመጡ ብዙ የተኩስ ጨዋታዎችን ቀረጸ። ጌምኪዩብ ለተባለው የኒንቴንዶ ማሽን የወጣውም የፕሌይስቴሽን 2ቱም ቅጂ በሜታክሪቲክ 96 ነበር ያገኙት። እዚህ ላይ «96 ከ93 ስለሚበልጥ የድሮው ይበልጣል» የሚል ሰው እንዳያሳስትዎ። የ2005ቱ ነጥብ በዘመኑ ከነበሩት ጋር ተነጻጽሮ የተሰጠ ነው፤ የሰጡትም ሌሎች ሰዎች ናቸው። በሁለት ዘመን የተሰጡ ሁለት ቁጥሮች በአንድ ሚዛን ላይ አይወጡም።

ያመሰገኑት ገምጋሚዎችም ሁሉንም አላመሰገኑም። በሰማያዊ ወረቀት የሚሰጡት የጎን ሥራዎች፣ አይጥ ግደል፣ እባብ ሽጥ፣ የተንጠለጠለ ምልክት ተኩስ የሚሉት፣ ተደጋጋሚ ናቸው ተብለዋል፤ እኔም እስማማለሁ። መጨረሻ ላይ ያለው የደሴቱ ክፍል ከመንደሩና ከግንቡ ያነሰ መሆኑ በድሮውም የነበረ ድክመት ነው። በታሪኩ ውስጥ ያለችው ሰላይ የኤዳ ዎንግ የድምፅ ትወና ተነቅፏል፤ ይሁንና ነቀፌታው ወደ ተዋናይዋ ስድብና ማሳደድ ተቀየረ፤ ያ ሒስ አይደለም፣ ሲያነቡም እንደ ሒስ አይቁጠሩት። ከዋናው ታሪክ የተቀነሱ አንዳንድ ክፍሎች፣ የጨረሩ መተላለፊያና ከመሬት በታች ያለው ጭራቅ፣ በሴፕቴምበር 21 ቀን 2023 ለብቻው በተሸጠው «ሴፐሬት ዌይስ» በተባለው ተጨማሪ ውስጥ በሌላ መልክ ተመልሰዋል።

ገምጋሚዎች ለሪሜክ ሁሉ በጅምላ እንደማይራሩ ማየት ከፈለጉ እዚያው ኩባንያ ቤት ይመልከቱ። የ2019ኙ ሬዚደንት ኢቭል 2 በፕሌይስቴሽን 4 ላይ 91 አገኘ፤ በዓመቱ ኤፕሪል 3 ቀን 2020 የወጣው ሦስተኛው ግን 79 ላይ ቀረ። ምስሉ ያማረ ነበር፤ ተኩሱም ጥሩ ነበር። የድሮው የሰዓት ማማ ውስጡ ተቆርጦ ውጪው ብቻ ቀረ፤ መናፈሻው ጠፋ፤ ተጫዋቹ መንገድ የሚመርጥባቸው ቅጽበቶች ተሰረዙ፤ ሲያሳድድ ያስደነግጥ የነበረው ኔሜሲስ የተባለ ጭራቅ በተጻፈለት ቦታ ብቻ ብቅ የሚል ሆነ፤ ታሪኩም ከስድስት ሰዓት ባልራቀ ጊዜ ያልቃል። አንድ ኩባንያ፣ አንድ ቴክኖሎጂ፣ የአንድ ዓመት ልዩነት፤ ነጥቡ ግን በአሥራ ሁለት ወረደ። የተከፈላቸው ቢሆኑ ለሦስተኛውም ይከፈላቸው ነበር። አራተኛው 93 ያገኘው ሲያስወግድ በምትኩ ስላስቀመጠ ነው፤ ክራውዘር ከተባለው ጠላት ጋር የሚደረገውን የቢላዋ ፍልሚያ ይውሰዱ፤ ድሮ በስክሪኑ ላይ የሚታየውን ቁልፍ ቶሎ መጫን ብቻ ነበር፤ አሁን እውነተኛ ፍልሚያ ነው።

አሁን ወደ ጌም ቤትዎ። እዚህ ላይ ምክሬ አያሻማም፤ ለጌም ቤቱ አይግዙት። ይህ ጨዋታ ለአንድ ሰው የተሠራ ነው፤ ሁለት ጆይስቲክ ሰክቶ ጎን ለጎን የሚጫወቱበት መንገድ የለውም። የጌም ቤት ገቢ የሚቆመው በግጥሚያ ነው፤ ሁለት ልጆች ተቀምጠው ኳስ ይጫወታሉ፣ ግጥሚያው ያልቃል፣ ሌሎች ይተካሉ፣ የቆሙትም እያዩ ይቆያሉ። ይህ ግን መጀመሪያ ሲጫወቱት ከ15 ሰዓት በላይ የሚወስድ አንድ ረጅም ታሪክ ነው፤ አንድ ደንበኛ ግማሽ ሰዓት ተጫውቶ ቢሄድ ምንም አልጀመረም፤ ቢቆይ አንዱን ማሽን ከሌሎቹ ላይ ያዘ። 93 የሰጡት ገምጋሚዎች ይህን አልመዘኑም፤ ሊመዝኑም አይችሉም።

ከገንዘቡ በላይ የሚያሳስበኝ ግን የልጆቹ ነገር ነው። ጨዋታው በአሜሪካ ከ17 ዓመት በላይ፣ በአውሮፓ ደግሞ ከ18 ዓመት በላይ ለሆኑ ተብሎ ተፈርጇል፤ ፍረጃው ለይስሙላ አይደለም። አንገት በመጋዝ ይቆረጣል፤ ጭንቅላት ይፈነዳል፤ ከአንገቱ የሚወጣው ነገር ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው። ከትምህርት ቤት የሚመለስ የአሥር ዓመት ልጅ ጌም ቤትዎ ሲገባ የሚጫወተው ሌላ ቢሆንም ስክሪኑን ያያል። ዕድሜ ጠይቄ አስጫውታለሁ የሚሉ ከሆነ፣ የሚያይን ልጅ ዓይን ግን መጠየቅ አይቻልም። በዚህ ላይ የጨዋታዎች የግዢ ውል በአብዛኛው ለግል መጠቀሚያ እንጂ ገንዘብ ለሚያስገቡበት አገልግሎት እንዳልሆነ ይወቁ።

ለራስዎና ለወንድምዎ፣ ቤት ውስጥ ለመጫወት ከሆነ ግን መልሴ ይለወጣል፤ ይግዙት፤ በሙሉ ዋጋ ግን አይደለም። ሲወጣ 59.99 ዶላር ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በቅናሽ ሲሸጥ ደጋግሞ ታይቷል። ከመግዛትዎ በፊት ማርች 9 ቀን 2023 የተለቀቀውን ነጻ መሞከሪያ ያውርዱ፤ የሰዓት ገደብ የለውም፤ የሚያስጫውተውም ያንኑ የመንደር ክፍል ነው። ወንድምዎ መንደሩን አምስትና ስድስት ጊዜ ይጫወቱት፤ ጣታቸው መራመድን እስኪለምድ ድረስ። ከዚያ በኋላም «ነፍስ የለውም» ካሉ ቃላቸውን ይቀበሏቸው፤ ገንዘብዎንም ያትርፉ። በኮምፒውተር ለመሞከር ከፈለጉ ዝቅተኛው መስፈርት 8 ጊጋባይት ራምና ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ወይም አቻው የሆነ ግራፊክስ ካርድ ነው፤ ከዚያ በታች ባለ ላፕቶፕ አይድከሙ። የድሮውን ፕሌይስቴሽን 2ም አሮጌ ነው ብላችሁ አትሽጡት፤ አዲሱ ያጠፋው ሳቅ ያለው እዚያ ላይ ነው።

የመብራቱንም ነገር ልንገርዎ፤ በእኛ ከተሞች ይህ የጎን ጉዳይ አይደለም። ጨዋታው በመደበኛው የክብደት ደረጃ በየመሐሉ ራሱ ያስቀምጣል፤ መብራት ድንገት ቢሄድ የሚጠፋው የጥቂት ደቂቃ ልፋት ነው። «ፕሮፌሽናል» የተባለውን ከባድ ደረጃ ከመረጡ ግን ራሱ አያስቀምጥም፤ የሚቀመጠው በየቦታው በሚገኙት የጽሕፈት መኪናዎች ላይ በእጅ ሲያስቀምጡ ብቻ ነው። ወንድምዎ የድሮውን ደጋግመው ስለጨረሱ በቀጥታ ወደዚያ መሄድ ያምራቸው ይሆናል፤ ያ ደረጃ ግን የሚከፈተው ጨዋታው አንድ ጊዜ ከተጨረሰ በኋላ ነው፤ መጀመሪያ በመደበኛው ይጨርሱት። በሚያስቀምጥበት ቅጽበት ኃይል ከተቋረጠ የተቀመጠው ፋይል ሊበላሽ፣ አልፎም የኮንሶሉ ሀርድ ዲስክ ሊጎዳ ስለሚችል፣ መብራቱ በሚቆራረጥበት ሰሞን ማሽኑን በባትሪ መጠባበቂያ በኩል ይሰኩት፤ ከአንድ በላይ በሆነ የማስቀመጫ ቦታም እያፈራረቁ ያስቀምጡ።